የኋላው አክስል ትንፋሽ

ቡሬ ላይ፣ ወደ ሽንዲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ዙሪያውን በአሮጌ ጎማ የታጠረ አንድ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ንብረት ይባላል። ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ከሲታ፣ ሰው ሲያናግር እጁን በጨርቅ ማሸት የማይተው መካኒክ ነው። ተወልዶ ያደገው ፍኖተ ሰላም ሲሆን ሙያውንም የቀሰመው እዚያው በመንገድ ሠሪዎች ሰፈር፣ ከትልልቆቹ መካኒኮች እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነው። ቡሬ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ዘመን «ንብረት አየው» ከተባለ መኪናው ታየ ማለት ነበር።

አሁን አሁን ሰው ስሙን ትቶ «አስተንፋሹ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ባለፉት ሁለት ዓመታት ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር ይዞ የመጣ ሁሉ፣ የመጣበት ጉዳይ መብራት ይሁን ጎማ፣ ንብረት ሳይጠየቅ ከመኪናው ሥር ይገባል። ጎማና ጎማውን የሚያያይዘውን የፊቱንም የኋላውንም አክስል አናት በጣቱ ይዳስሳል። እዚያ ያለችው የአየር መተንፈሻ በጭቃ ተደፍና ካገኛት ነቅሎ በናፍጣ ያጥባታል። ከዚያ ቀጭን የነዳጅ ቱቦ ይሰካባትና ቱቦውን በሻንሲው ላይ አስታክኮ፣ አክስሉ ሲዘል እንዳይበጠስ ላላ አድርጎ፣ ወደ ላይ ወስዶ ከኮፈኑ ሥር ያስረዋል። ጫፉን ወደ ታች ይቆለምምና አቧራ እንዳይስብ ማጣሪያ ያለብሰዋል። ቸኩያለሁ የሚል ሹፌር ቢኖር የመኪናውን ቁልፍ ይዞበት ይቆያል እንጂ አይለቀውም።

«አክስል እንደ ሰው ነው» ይላል ሹፌሩ ሲነጫነጭበት። «ሲሮጥ ይሞቃል። ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል። መውጫ ካጣ ዘይቱን ገፍቶ በጎማው በኩል ያስወጣዋል። እንደጋለ ወንዝ ከገባ ደግሞ ባንድ ጊዜ ይኮማተርና ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻው ታች ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው፤ ላይ ካወጣኸው አየር ይስባል።»

ይህን ይልና ወደ መኪናው ሥር ይመለሳል። ስለ መተንፈሻ ይህን ያህል ለምን እንደሚጨነቅ ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር። ለሚስቱ ለበለጠች አልተናገረም። ለንስሐ አባቱም አልተናገረም።

በለጠች የምታውቀው ባሏ ረፋድ ላይ እንደማይሆንለት ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን የያዘውን መፍቻ ያስቀምጥና አንገቱን ወደ ሽንዲ መንገድ ያቀናል።

«ሰማሽ?» አላት አንድ ቀን ቁርስ ይዛለት መጥታ።

«ምኑን?»

«ማርሽ ሲቀንስ።»

በለጠች ወጥታ መንገዱን አየች። ጆንያ የጫኑ ሁለት አህዮችና አንድ ባጃጅ እንጂ ሌላ አልነበረም። ስትመለስ ባሏ የሚበላውን ትቶ፣ ደጃፉ ላይ ያለችውን ሰው የማይቀመጥባትን አግዳሚ እያየ አገኘችው። ያቺን አግዳሚ ታውቃታለች፤ የክንዱ መቀመጫ ነበረች። የሞተ ወዳጁን ናፍቆ ነው ብላ ዝም አለችው። ናፍቆት ቢሆንማ ኖሮ ምን ነበረበት።

ክንዱ የሽንዲ ሰው ነበር። የእህል ነጋዴውን የዓለምነህን አሮጌ ላንድክሩዘር ሃያ ዓመት ነድቷል። በርበሬና በቆሎ ከወምበርማ ቆላ እያወጣ ቡሬ ያራግፋል፤ ጨውና ማዳበሪያ ይዞ ይመለሳል። ከሽንዲ ማልዶ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከጋራዡ በታች ካለችው ዝቅታ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል። ንብረት ድምፁን ሲሰማ አግዳሚዋን በጨርቅ ያብሳል። ሁለቱ በዕድሜም በጠባይም የሚቀራረቡ፣ ብዙ የማይነጋገሩ ወዳጆች ነበሩ። ክንዱ ስለ መኪናዋ እንጂ ስለ ሰው አያወራም፤ ንብረትም ይህንኑ ይወድለታል።

የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ መንገድ ተዘግቶ በከረመበት በአንዱ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ክንዱ ቅር ብሎት መጣ።

«ዘይቷ እንደገና ነጣ» አለ።

ንብረት የኋላውን አክስል ዘይት ቢያወርደው እንደ ወተት ሻይ ሆኖ ወረደ። ውኃ ገብቶበታል። በዚያ ክረምት ሦስተኛ ጊዜው ነው። ከሽንዲ በታች ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ፤ ክንዱ በሳምንት አራት ጊዜ ይሻገረዋል። የመተንፈሻዋ ክዳን ተሰብሮ ወድቋል፤ የቀረው ባዶ ቀዳዳ ነው። ዕቃው ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም አይመጣም። ንብረት ጥቂት አሰበና ከቆርቆሮው ውስጥ ልኳ የሆነች ብሎን መርጦ ቀዳዳውን ደፈነው።

«ለጊዜው ነው» አለው። «ዕቃው እስኪመጣ ውኃ አታስገባም።»

«አትታፈንም?»

«ለበጋ አይሆንም። ክረምቱን ግን ትወጣበታለች። መስከረም ሲጠባ እነቅላታለሁ።»

«አንተ ካልክ» አለ ክንዱ። ያን ቀን ደስ ብሎት ሄደ።

መስከረም ጠባ። ጥቅምት ላይ መተንፈሻዋ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ሹፌር እጅ መጣች። ንብረት ከመሳቢያው አስቀመጣት። ክንዱ በዚያ ወር ሁለት ጊዜ መጥቷል። አንዱን ቀን የሌላ ሰው ሞተር ወርዶ መሬት ላይ ነበር፤ አንዱን ቀን ደግሞ ንብረት ለቀብር ሊሄድ ጋቢውን ለብሶ ነበር። «ስትመለስ» ተባባሉ። ለኅዳር ሚካኤል ቡሬ ሲገናኙ ክንዱ በወሬ መሐል «የኋላው የቀኝ ጎማ ያልበው ጀምሯል» አለው። ንብረት የአንድ ዘመዱን ሰላምታ እየመለሰ ነበር።

«ግሪስና አቧራ ነው» አለ። «ስትመጣ አየዋለሁ።»

ከዚያ ሁለት ሳምንት አልቆየም። ክንዱ ጨው ጭኖ፣ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ጋቢና አሳፍሮ ከሽንዲ በታች ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ የቀኙ የኋላ ፍሬን አልይዝ አለ። ግራው ብቻውን ያዘ። መኪናዋ ወደ ግራ ተጎትታ ከመንገዱ ወጣችና ተገለበጠች። ክንዱ እዚያው አረፈ። ወልደ ዮሐንስ ዳሌያቸው ተሰብሮ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሦስት ወር ተኙ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ ከደጃፋቸው አላለፉም።

በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ቂም እንዳይገባ ሽማግሎች ተቀመጡ። ሁለቱም ወገን የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር፤ «ባለሙያ አይቶ ይናገር፤ ንብረት ይምጣ» አሉ። ንብረት የሰው ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጦ ሄደ። ከቤት ሲወጣ የመፍቻ ሣጥኑን ያዘ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አዲሷን መተንፈሻ ከኪሱ ከተታት። ለምን እንደያዛት በዚያ ሰዓት ለራሱም አልነገረውም።

መኪናዋን ጎትተው ከመንገዱ ዳር ካለ ሜዳ ላይ አቁመዋታል። ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ሲመታት ውሏል። ሽማግሎቹ ፈንጠር ብለው ከግራር ጥላ ተቀምጠው ነበር። ንብረት ከሥሯ ገባ። የቀኙን ጎማ ታምቡር ሲከፍተው ፍሬኑ በዘይት ርሷል። ታፍኖ የኖረው አየር ዘይቱን በኦይል ሲሉ፣ ዘይት በሚያግደው የላስቲክ ቀለበት በኩል እየገፋ፣ ቀን በቀን፣ ጠብታ በጠብታ ሲያወጣው እንደከረመ ገባው። እጁን ወደ አክስሉ አናት ሰደደ። ብሎኗ አለች። መፍቻውን አግብቶ ግማሽ ዙር ሲያዞራት ከውስጥ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ሰው ደክሞት ሲቀመጥ የሚያወጣውን ይመስል ነበር። ንብረት ጀርባው መሬት ላይ እንዳለ ትንፋሹ እስኪያልቅ ጠበቀ። ፊቱን ሞቅ ያለ የዘይት ሽታ ነካው። ከዚያ ብሎኗን ነቀለ፤ አዲሷን መተንፈሻ በቦታዋ ተከለ፤ አፈር ዘግኖ ቀባት።

ሽማግሎቹ ፊት ቆሞ እጁን በጨርቅ እያሸ ተናገረ።

«ፍሬኑ ዘይት ገብቶበታል። ይሄ ደግሞ የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ የቆየ ነው። ሹፌር ጎማውን ዞር ብሎ ካየ ሳያየው አይቀርም።»

ካለው ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ማል አላሉትም፤ ስለሚያምኑት። ሽማግሎቹ ተያዩና «እንግዲህ የራሱ ቸልታ ነው» ብለው ተነሡ። የክንዱ ስም በዚያች ቀን ተለወጠ።

በሰልስቱ ንብረት ሽንዲ ለቅሶ ደረሰ። የክንዱ ሚስት እህተ ማርያም በገዛ እጇ ውኃ አቀረበችለት።

«አያ ንብረት፣ እግዜር ይስጥልን» አለችው። «እርሶ ቀድመው ቢያዩለት ኖሮ ይተርፍ ነበር። አልነገረዎትማ።»

ንብረት ውኃውን ጠጣ። ጣሳውን መለሰላት። ወደ ቤቱ ሲመለስ ፈጣም ወንዝ ድልድይ ላይ ወርዶ ብሎኗን ከውኃው ጣላት፤ ስትወድቅ ድምፅ አላሰማችም።

ከዚያ ወዲያ ነው ያ ትንፋሽ የተከተለው። የማንኛውንም መኪና የዘይት ብሎን ሲፈታ ቀድሞ ይሰማዋል። ራዲያተር ሲከፍት፣ ጎማ ሲያስተነፍስ፣ አንዳንዴም በለጠች ጆንያ ስታራግፍ ይሰማዋል። ረፋድ ላይ ማርሽ ይቀንስበታል። አንድ ጊዜ ከመኪና ሥር ሆኖ ሲሠራ፣ ከጎማው አጠገብ ሁለት እግር ቆሞ አየ፤ የክንዱ ተረከዙ የተንሻፈፈ ጥቁር ጫማ። «ያልበኛል» የሚል ድምፅ የሰማም መሰለው። ተስቦ ሲወጣ ማንም የለም። ያን ቀን ሥራ አቁሞ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ቆሞ፣ የንስሐ አባቱ ብቅ ሲሉ ሰላም ብሏቸው ተመለሰ።

ዓለምነህ መኪናዋን ባሕር ዳር ወስዶ አሳደሳት። ስትመለስ ሌላ ሹፌር ያዛት። በንብረት ጋራዥ ደጃፍ ስታልፍ ድምጿን ከሩቅ ይለየዋል፤ እስክታልፍ ወደ ጓዳ ገብቶ ይቆማል። በሁለተኛው ዓመት የነጂዋ አነዳድ ተለወጠ። ከዝቅታው ስትደርስ ማርሽ የምትቀንስበት ቦታ፣ ክንዱ ይቀንስበት የነበረው ራሱ ሆነ። ንብረት ይሄን ጊዜ አእምሮዬ ተነካ ብሎ ፈራ። ቆይቶ እንደሰማው ግን ሹፌሯ የክንዱ ልጅ ምስክር ነበረች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ልጅ ሳለች ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን ለምዳዋለች። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ እናቷ አልቅሳ ነበር፤ ዓለምነህ ግን «የአባቷን እጅ ይዛለች» ብሎ ቁልፉን ሰጣት።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ፣ ንብረት ማርሽ ሲቀንስ ሰማ። መፍቻውን አስቀምጦ አንገቱን አቀና። የዚያን ቀኑ ድምፅ ግን አላለፈም። መኪናዋ ተጠምዝዛ ከጋራዡ ግቢ ገባችና ቆመች። ምስክር ወረደች። ፊቷ የእናቷን፣ አረማመዷ የአባቷን ይመስላል።

«አያ ንብረት፣ እንደምን አደሩ።»

«እግዜር ይመስገን። እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ያስተነፍሳሉ ሲሉ ሰምቼ ነው። የአባቴን መኪና ያስተንፍሱልኝ።»

የዓለምነህን አላለችም። ንብረት መኪናዋን ከሥር መሥሪያው ጉድጓድ አናት ላይ አስቆማት። ምስክር መብራት ይዛ አብራው ወረደች። ዘይቱን አወረደው፤ ንጹሕ ነው። የሁለቱንም ጎን ኦይል ሲል አየ፤ ደረቅ ነው። ኩሽኔታዎቹን ፈትቶ አጥቦ ግሪስ ሞላቸው። ቱቦውን ለክቶ ሊቆርጥ ሲል ምስክር መብራቱን ወደ አክስሉ አናት ከፍ አደረገችው።

«ይቺ መተንፈሻ ከሌላው ዕቃ ትለያለች» አለች። «ሌላው ሁሉ ዝጓል። እሷ አልዛገችም።»

«ተቀይራ ይሆናላ።»

«ባሕር ዳር የሠሯትን ሰዎች ጠይቄያቸዋለሁ። አክስሉ ደኅና ስለነበር ከፍሬኑ በቀር የነካነው የለም ብለውኛል።»

ንብረት ቱቦውን ይዞ ቀረ።

«አባቴ የመኪናዋን ነገር ሳያወራ አይተኛም ነበር» አለች ምስክር። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በዚያ ክረምት ‹ንብረት ብሎን ከተተላት፣ ከእንግዲህ ወንዝ ብትገባም አትጠጣም› ብሎ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። መንዳት ስማር ነው የገባኝ። ይሄው ስድስት ወር ሙሉ በደጅዎ ሳልፍ ልግባ አልግባ እያልኩ ነው። ብሎኗ የት ሄደች፣ አያ ንብረት?»

በዚያች ቅጽበት ንብረት ያንን የአክስል ትንፋሽ ጠበቀ። አልመጣም። የመኪናዋ ሆድ ከላዩ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ከጎኑ፣ የልጅቱ መብራት ከፊቱ ነበር።

«ፈጣም ውስጥ ናት» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። የሐምሌውን፣ የጥቅምቱን፣ መሳቢያውን፣ ኪሱን፣ አፈር መቀባቱን። ሲናገር እጁን አላሸም፤ ጨርቁ ከእግሩ ሥር ወድቆ ነበር። ምስክር ሳታቋርጥ ሰማችው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ጎማው ያልበዋል ብሎዎት ነበር?»

«ብሎኝ ነበር። ለሚካኤል።»

መብራቱን ከጉድጓዱ ጠርዝ አስቀመጠች። ወጥታ ከተፈታው ጎማ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ንብረት የምታለቅስ መሰለው፤ አላለቀሰችም። ሳትዞር፣ «ይጨርሱና ይግቡ» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ እናቴ። ከዚያ ወደ ወልደ ዮሐንስ።»

ንብረት ሥራውን ጨረሰ። ጎማውን መለሰ፤ ቱቦውን እስከ ኮፈኑ አውጥቶ አሰረ፤ ዘይት ሞላ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ጋቢውን ለበሰ። በለጠች «ወዴት ነው?» ብትለው «ስመለስ እነግርሻለሁ» አላትና ክንዱ በዚያ ቀን ወልደ ዮሐንስን ባስቀመጠበት የጋቢና ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሽንዲ ሲደርሱ ምስክር ወርዳ እናቷን «ወልደ ዮሐንስን እንጠይቃቸው» ብላ አመጣቻት። እህተ ማርያም ንብረትን ስታይ ፊቷ በራ።

«አያ ንብረት! ዛሬስ ምን እግር ጣለዎት? ሲጠፉ ጊዜ ተቀይመውናል ብዬ ነበር» አለችና ከኋላ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ የበለጠችን ጤና፣ የቡሬን ገበያ፣ የዝናቡን ነገር ስትጠይቀው መለሰላት። እያንዳንዱ «እርሶ» እንደ እሾህ ይወጋው ነበር።

ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ እህተ ማርያም አማተበች። ምስክር በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ እያለች ወረደች። ፍሬኑ እኩል ያዘ። ከወንዙ ስትገባ ቀዝቃዛው ውኃ የጋለውን አክስል ሲመታው ንብረት ጆሮውን አቀና። ከኮፈኑ ሥር፣ ባሰራት ቱቦ ጫፍ፣ አየር ሲሳብ የሰማ መሰለው። ሞተሩ እየጮኸ እንዲህ ያለ ድምፅ እንደማይሰማ ያውቃል። ቢሆንም ሰማ።

ወልደ ዮሐንስ ከቤታቸው ደጃፍ፣ ከመደቡ ላይ ምርኩዛቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ንብረት ከመኪናዋ እንደወረደ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ ተሸከመ። ጎንበስ ብሎ ከሽማግሌው ፊት ቆመ። እህተ ማርያም ድንጋዩን ስታይ ከበሩ አላለፈችም።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ ሽማግሌው። «ይሄ ንብረት አይደለም እንዴ?»

«ነኝ፣ አባቴ። ክንዱ ቸልተኛ አልነበረም። ቸልተኛው እኔ ነኝ። ለሽማግሎቹ የተናገርኩት ግማሹን ነበር፤ ግማሹን ልናገር ነው የመጣሁ።»

ተናገረ። ድንጋዩ አንገቱን ስለተጫነው የሚያየው መሬቱን ብቻ ነበር። ሲጨርስ ዶሮዎች በእግሩ መሐል እየለቀሙ አለፉ።

ወልደ ዮሐንስ ተናገሩ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙት ስረግም ኖሬያለሁ። ከአልጋ ስነሣ እረግመዋለሁ፤ ምርኩዜ ሲያዳልጠኝ እረግመዋለሁ። ይሄን ሁሉ እርግማን ያሸከምኩት ለማይገባው ነዋ። ሙት የረገመ አፍ በምን ይታጠባል፣ ልጄ?»



እህተ ማርያም ከበሩ መጥታ ከፊቱ ቆመች። ያየው የእግሯን ጫማ ነው።

«ከእጄ ውኃ ጠጣህ» አለችው። እርሶ ማለቷን የተወችው በዚያች ቅጽበት ነው። «ልጆቼን ‹እንደ አባታችሁ አትሁኑ› እያልኩ ነው ያሳደግኩ። ይሄን አንተ ምን ታደርገዋለህ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ከግቢው ወጣች።

«ምስክር፣ አውርጂለት» አሉ ሽማግሌው።

ምስክር አልተንቀሳቀሰችም። ሽማግሌው ደግመው አላዘዟትም፤ ጠበቁ። በመጨረሻ መጣችና ድንጋዩን በሁለት እጇ አንሥታ ከመሬት አኖረችው። ፊቱን አላየችውም።

በሚቀጥለው እሑድ ሽንዲ ላይ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሽማግሎቹ ሰዉን አስቀመጡና ንብረት ያንኑ ቃል ደገመው። የክንዱ ወንድም ተነሥቶ ሊይዘው ሲል ሽማግሎቹ በመሐል ገቡ። ደግሞ ደግሞ ሸንጎ ተቀመጡና እርቁን አወረዱ፤ እህተ ማርያም ግን በእርቁ ቀን መጥታ መስቀል ከመሳለም በቀር አንድ ቃል አልወጣትም። ለሙት ዓመቱ ንብረት እንዳይመጣ በምስክር አፍ ላከችበት። እሱም አልሄደም።

ወልደ ዮሐንስ ግን ያደረጉት ነገር በአገሩ ሲወራ ይኖራል። ሰው በቃሬዛ ተሸክሟቸው እስከ ክንዱ መቃብር ድረስ ሄዱ። ከመቃብሩ ራስጌ ሲያስቀምጧቸው ሰዉን «ፈቀቅ በሉ» አሉና ብቻቸውን ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሲመለሱ ምን እንዳሉት ለማንም አልነገሩም። መስከረም ሲጠባ አረፉ።

በለጠች ባሏ በነገራት ቀን አልተቆጣችም። «አግዳሚዋን ላንሣት?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። «ተያት» አላት። ከደንበኞቹ አንዳንዶቹ ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ አብዝተው ይመጡ ጀመር። አስተንፋሹ የሚለው ስም አልቀረም። አሁን ግን ሰው ሲጠራው ከስሙ ጀርባ ያለችውን ብሎን ያውቃታል፤ እየሳቀ የሚጠራውም ጥቂት ነው። ትንፋሹም አልተወውም። ብሎን ሲፈታ ዛሬም ቀድሞ ይሰማዋል። ተናገርኩ፣ ተገላገልኩ ብሎ የጠበቀው ዕረፍት አልመጣም። የቀለለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰማውን ደብቆ አይሰማም። በለጠች «ሰማህ?» ትለዋለች፤ «ሰማሁ» ይላታል።

ምስክር በየሦስት ወሩ ትመጣለች። ለምን ወደ ሌላ ጋራዥ እንደማትሄድ ጠይቋት አያውቅም። እሷም አትቀመጥም፤ ሻይ አትጠጣም። ንብረት ሠርቶ ከጉድጓዱ ሲወጣ መፍቻውን ከእጁ ትወስድና ራሷ ትወርዳለች። የዘይቱን ብሎን፣ የቸርኬውን ብሎን፣ የፍሬኑን፣ የመተንፈሻዋን ማሰሪያ፣ አንድ ባንድ መፍቻ እያገባች ትሞክራቸዋለች። ቱቦውን ከአክስሉ እስከ ኮፈኑ በጣቷ ትከተለዋለች። ለዚህ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። ንብረት ባርኔጣውን አውልቆ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«ጠብቋል» ትላለች ከታች፣ ለራሷ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።